አዲሱ እስኪወጣ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ፣ «ስማ፣ ቀጣዩ ሊወጣ ነው እያሉ ነው፤ ያለውን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። ስለምን እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይህ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ይኸው አራተኛ ጊዜው ነው። የመጀመሪያው በ2012 ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የሚያወራው ስለ ኮርቬት ነው። ለማታውቁት፣ ኮርቬት ሼቭሮሌ ከ1953 ጀምሮ የሚሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ነው። በየስምንት በየአሥር ዓመቱ ገደማ ከሥር እስከ ላይ ተለውጦ ይወጣል፤ አሁን ያለው ስምንተኛው ትውልድ ነው። እንግዲህ «አዲሱ እስኪወጣ ልጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

«ኧረ በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ስፖርት መኪና ታወራልናለህ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ግን ትንሽ ታገሱኝ። እኔን የያዘኝ መኪናው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ደግሞም መልሱን ሦስት ጊዜ የሰጠሁት እኔ ነኝና ዛሬ የምተቸው ከሁሉ በፊት ራሴን ነው።

ወዳጄ ዋሽንግተን ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። እኛ አካባቢ «ፓርኪንግ ይሠራል» የሚባለው ማለት ነው። በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ኮርቬት የነዳት እዚያው ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ወርውሮለት ወደ ቢሮው ገባ፤ እሱ ደግሞ ከመግቢያው አንስቶ እስከ ሦስተኛው ምድር ቤት ድረስ ይዟት ወረደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ማርሹን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያስገባው አንዴ ብቻ እንደሆነ እስከ ዛሬ በቁጭት ያወራል።

ማርሹ የገባው ያለ ነገር አይደለም። ወዳጄ መኪና የለመደው በልጅነቱ ጃንሜዳ ላይ፣ በአባቱ ፊያት 600 ነው። አባቱ እጃቸውን በእጁ ላይ አድርገው፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ እያዩ፣ «ጆሮህን ስጠው፤ መቼ እንደምትቀይር ሞተሩ ራሱ ይነግርሃል» ይሉት ነበር። አባቱ ሲሞቱ እሱ አሜሪካ ነበር፤ ወረቀቱ ስላላለቀ ለቀብር እንኳ አልሄደም። ስለዚህ «ኮርቬት እገዛለሁ» ሲል ሰው ሁሉ ሀብት ማሳየት አማረው ብሎ ይስቅበታል እንጂ፣ ሰውየው የሚፈልገው ፍሪሲዮን ያለው፣ ሞተሩ የሚያናግረው አንድ ጥሩ መኪና ነው። ይህን ያኔ አላወቅሁም ነበር። አልጠየቅሁትማ!

በ2012 ገንዘቡ ሞላለት። ያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበረው ስድስተኛው ትውልድ ነው። 430 የፈረስ ጉልበት ያለው ግሩም ሞተር ነበረው፤ ወንበሩና የውስጥ ፕላስቲኩ ግን የዋጋውን ያህል አይደለም ተብሎ በየመጽሔቱ የተተቸ መኪና ነው። ሰባተኛው እየተሠራ መሆኑም የተደበቀ አልነበረም። «ጠብቅ!» አልኩት። በጥር 2013 ዲትሮይት ላይ አዲሱ ተገለጠ። 455 የፈረስ ጉልበት፣ የተለወጠ የውስጥ ክፍል፣ ባለ ሰባት ማርሽ ካምቢዮ። ምክሬ ሠመረ። ኮራሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ኩራት የተነሳ ነው።

በ2014 ደወለ። «እህስ፣ ልግዛ?»

«የመጀመሪያ ዓመት መኪና ይገዛል እንዴ! እንከኑ ይታረም፣ ጠብቅ» አልኩት። ደግሞ ማስረጃም ነበረኝ። አራተኛው ትውልድ በ1984 ሞዴል ሲጀምር 205 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሲሄድም ድንጋዩን ሁሉ ወገብ ላይ የሚቆጥር ነበር። በዓመቱ፣ በ1985 ሞዴል፣ ጉልበቱ ወደ 230 አደገ፤ ሞላውም ለዘብ እንዲል ተደረገ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረትም ጨመርኩበት። አወይ እኔ! ማስረጃው ትክክል ነው፤ ተረቱም ትክክል ነው። ግን ሰውየው እሽቅድምድም አይገባ፣ ሃያ አምስት ፈረስ ተጨመረ ተቀነሰ ምን ሊያደርግለት? የሚፈልገው ነገር በ2014ቱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ከነሰባት ማርሹ!

ሦስተኛው በ2018 ነው። በዚያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ሞተሩ ከፊት ተነስቶ ከሾፌሩ ጀርባ ሊገባ ነው የሚል ሆነ። ይህ ለኮርቬት ወዳጅ ተራ ወሬ አይደለም። ዞራ አርከስ ደንቶቭ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ በ1953 የመጀመሪያዋን ኮርቬት በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን አይቶ እጅግ ስለወደዳት በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ገባ። ኮርቬትን እውነተኛ የስፖርት መኪና ያደረገው እሱ ነው ይባላል። በ1960 ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ የሙከራ መኪና ሠርቶ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «የሚቀጥለው ኮርቬት ሞተሩ ከኋላ ነው» የሚለው ወሬ እየሞተ እየተነሳ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ዞራ ራሱ በ1975 ጡረታ ወጣ፣ በ1996 ሞተ፤ አመዱም ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ በሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ውስጥ ነው። የተመኛትን መኪና ሳያያት ቀረ።

እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የተማርኩት «ይህን ያህል የተጠበቀ ነገርማ ቢጠበቅ አያሳፍርም» የሚለውን ነበር። «ጠብቅ» አልኩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

በሐምሌ 2019 ስምንተኛው ትውልድ ካሊፎርኒያ ላይ ተገለጠ። ሞተሩ እውነትም ከሾፌሩ ጀርባ ነው። 490 የፈረስ ጉልበት፤ መነሻ ዋጋው ከ60 ሺህ ዶላር በጥቂት ዶላሮች ያነሰ። ዓለም ጉድ አለ። እኔም ያን ለሊት «አላልኩህም!» ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው።

«ፍሪሲዮኑ የት አለ?»

የለም። በስምንተኛው ኮርቬት ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለም። ማርሹን የሚቀይረው መኪናው ራሱ ነው፤ ቢበዛ መሪው ላይ ባሉት ሁለት መቀያየሪያዎች ትነካካዋለህ። ምክንያቱን ፋብሪካው አልደበቀም። በእግር እየረገጠ በእጁ የሚቀይር ገዢ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል፤ ለዚያ ለጥቂት ሰው ብሎ ከአዲሱ አካል ጋር የሚስማማ ካምቢዮ ማሠራት አያዋጣም።

እስቲ እዚህች ላይ ቆም እንበል። «ገዢው ሳሳ» ሲባል እንዴት ተቆጠረ? ፋብሪካ የሚቆጥረው የገዛውን እንጂ የወደደውን አይደለም። ወዳጄ ከ2012 ጀምሮ ባለ ፍሪሲዮን ኮርቬት ሲወድ ኖሯል፤ አንድ ቀን ግን አልተቆጠረም። እኔ «ጠብቅ» ባልኩት ቁጥር ሰባቱን ማርሽ ከሚፈልጉት ሰዎች ዝርዝር አንድ ስም ሲፋቅ ነበር ማለት ነው። እንደ እሱ የሚጠብቁ ስንት ነበሩ? ማን ያውቃል! የሚጠብቅ ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። በ1953 የተሠሩት ኮርቬቶች 300 ብቻ ናቸው። ሁሉም ነጭ፣ ሞተራቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ካምቢዮአቸውም (ይገርማችኋል!) ኦቶማቲክ ብቻ ነበር። ለስፖርት መኪና ይህ እንደ ስድብ ነው። በ1954 ከ3,600 በላይ ተሠርተው ብዙዎቹ ሳይሸጡ ከረሙ። በ1955 ቪ8 ሞተር ገባለት፣ ትንሽ ቆይቶም ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ መጣ። ያኔ «ይሻሻላል፣ ልጠብቅ» ያለ ሰው ብልህ ነበር። ነገር ግን ሁሉም እንደ እሱ ብልህ ቢሆን ኖሮ የሚሻሻል መኪና ራሱ አይኖርም። የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው በገዛ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ያን ያልተዋጣለት ነጭ መኪና የገዙትን ጥቂት ሞኞች እናመሰግናለን።

ታዲያ ይህ የመጠበቅ አባዜ ከየት መጣ? ከእኛ ብቻ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራም ነው። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ያንኑ ሞዴል ቲ ሲሠራ ኖረ፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። የጄኔራል ሞተርሱ አልፍሬድ ስሎን ግን በሃያዎቹ ውስጥ ሌላ ዘዴ አመጣ። መኪናው ሳያረጅ መልኩን በየዓመቱ መቀየር! ለዚህ ሥራ በ1927 ሃርሊ ኧርል የሚባለውን ሰው ቀጠረ። ኧርል ሥራው ሰዎች በያዙት መኪና ቶሎ እንዲሰለቹ ማድረግ እንደሆነ ሲናገር አያፍርም ነበር። ኮርቬትን ከሃሳብ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ «አዲሱ እስኪወጣ ልጠብቅ» የሚል ሰው ከዚህ ማባበያ ያመለጠ ይመስለዋል። አላመለጠም። የገዛውን «አሮጌ ሆነብህ» ይሉታል፤ ያልገዛውን ደግሞ ገና ያልገዛው መኪና ሳይቀር ያረጅበታል።

ወረፋው ማብቂያ የለውማ! ስምንተኛው በ2020 መሸጥ ጀመረ። በ2023 ሞዴል 670 የፈረስ ጉልበት ያለው ዜድ 06 መጣ። በ2024 የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለት በአራቱም ጎማ የሚጎትት መጣ። በ2025 ደግሞ 1,064 የፈረስ ጉልበት ያለው ዜድአር 1። ከነዚህ መካከል «ይህ የመጨረሻው ነው፣ አሁን ግዛ» ተብሎ የተጻፈበት አንድም የለም።

ይህን ስል መጠበቅ ሁሉ ሞኝነት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውም የአባቶች ቃል ነው። ቶዮታ ሱፕራን ከብዙ ዓመት በኋላ በ2019 መልሶ ሲያወጣ ተሻምተው የገዙት ሰዎች 335 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ያዙ፤ የሚቀጥለው የ2021 ሞዴል ያው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና በ382 መጣ። ፍሪሲዮን ያለው ደግሞ በ2023 ሞዴል ተከተለ። ሱፕራን ለፍሪሲዮኑ ብሎ የጠበቀ ሰው ተካሰ። የእኔን ወዳጅ ግን ተቃራኒው ደረሰበት።

የፖርሽ 911ን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ «አዲሱ ይምጣ» ብለው የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። አዲሱ መጣ። ሞተሩ በአየር ይቀዘቅዝ የነበረው በውኃ ሆነ፤ ክቡ መብራት ቀርቶ የተጠበሰ እንቁላል እየተባለ የተሳቀበት መብራት ተተካ። በ2004 ፋብሪካው ራሱ ወደ ክቡ መብራት ተመለሰ። ዛሬ ያ «ሊቀየር ነው» ተብሎ የተናቀው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው የመጨረሻው 911፣ ከተከታዩ እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኔ እንደገባኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፦ የምጠብቀው ነገር ታውቋል ወይስ ወሬ ነው? በ2012 የታወቀ ነበር፤ ወራት መጠበቅ ያዋጣ ነበር። ሁለተኛ፦ አዲሱ ሲመጣ ከአሮጌው የሚጠፋው ምንድን ነው? ይህችን ጥያቄ ማንም አይጠይቃትም። የሚጨመረውን ሁሉም ያውቃል፤ በወረቀት ታትሞ ይመጣል። የሚቀነሰውን የሚያውቀው የሚወደው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መካሪ መጀመሪያ ማለት ያለበት «ምኑን ነው የወደድክለት?» ነው። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስመክር ይህን አልጠየቅሁም።

ለምን አልጠየቅሁም? ምክንያቱን ልናገር፤ «ጠብቅ» የሚል መካሪ መቼም አይሳሳትም። ጠብቆ ቢያገኝ «አላልኩህም?»፤ ቸኩሎ ገዝቶ ቢበላሽበት አሁንም «አላልኩህም?»። ጠብቆ ቢያጣስ? ያጣውን ማን ያየዋል? በመግዛት የከሰረ ሰው በራፉ ላይ የቆመ ማስረጃ አለው። በመጠበቅ የከሰረ ግን ደረሰኝ የለውም።

የወዳጄን ኪሳራ ግን እኔ አይቻለሁ። ሰባተኛው ትውልድ በ2019 መጨረሻ ላይ መሠራቱ አበቃ። የመጨረሻዋ መኪና፣ ጥቁር ዜድ 06፣ ለበጎ አድራጎት ተጫርታ በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣ ነበር። ወዳጄ ከየሻጩ ግቢ የቀረችውን አንዷን ለማንሳት ሲያስብ ሲያወላውል ኮሮና መጣ። በ2020 ቢሮ የሚገባ ሰው ጠፋ፤ ፓርኪንጉም ባዶ ሆነ። ለመኪና የተቀመጠው ገንዘብ ለቤት ኪራይና አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ሕክምና ዋለ። መዋል ላለበት ዋለ፤ እሱም አይቆጭም። በ2021 ትንሽ ቀና ሲል የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ተፈጠረና ያገለገለ መኪና ዋጋ ጣሪያ ነካ። በ2023 ደግሞ ጉልበቱ ተቀደደ። ሃያ ዓመት ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ጉልበት ነው። የግራው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር እንደሆነ ለምታውቁ ሌላ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ይህን ሳስብ የሚታየኝ እኛው ነን። እዚህ ያለነው «ወረቀቱ ይለቅ»፣ «ልጆቹ ኮሌጅ ይግቡ»፣ «አገር ቤት ቤቱ ይጠናቀቅ» ስንል ሃያ ሠላሳ ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል። ሶፋው ላይ የፕላስቲክ ልባሱን ሳናነሳ ሶፋው ያረጃል። እዚያ ያላችሁትም ብትሆኑ ከዚህ የራቃችሁ አይመስለኝም። «ቀረጥ ይቀንስ ይሆናል» ብሎ መኪና መግዛቱን ሲያቆይ የኖረ ሰው ስንት ነው? በ2024 ጨርሶ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ቀረጡን ሲጠብቁ መኪናው ራሱ ቀረ። «ላም አለኝ በሰማይ» እንዲሉ።

ቆጣቢነትን እየተቸሁ አይደለም። ወዳጄ ገንዘቡ እናቱን ባያሳክምለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያን ጊዜ መኪናው ባለመገዛቱ እሱ ራሱ ፈጣሪውን አመስግኗል። የማወራው ስለሌላው ነው፤ ገንዘቡም ሞልቶ፣ ጤናውም ኖሮ፣ የሚወዱትም ነገር ፊት ለፊት ቆሞ፣ «የተሻለ ይመጣል» ስለተባለ ብቻ ስለሚቀረው ነገር። አንድ መኪና ቢሻሻል ቢሻሻል ገዢውን ጠብቆ ወጣት አያደርገውም። ፋብሪካው ሞተሩን ሲያድስ እኛ ጉልበታችን አይታደስም።

ኮርቬት ሙዚየሙ ውስጥ አንዲት ነጭ መኪና አለች፤ የ1983 ሞዴል ናት። በዚያ ዓመት አዲሱ ትውልድ ስላልደረሰ የ1983 ኮርቬት ጨርሶ ለገበያ አልወጣም። ለሙከራ 43 ተሠርተው ከአንዷ በቀር ሁሉም ተወገዱ። «የ1983ቱን እገዛለሁ» ብሎ በ1982 የጠበቀ ሰው እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። «ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም።

«ምኑን ነው የወደድክለት?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ የአባቱን ፊያት ነገረኝ፤ ከላይ የጻፍኩላችሁን። ከሃያ ዓመት ወዳጅነት በኋላ ገና አሁን ሰማሁት። ቀጥሎም ሳቅ እያለ፣ «ሞተሩን ከኋላ አደረጉት ብለው ዓለምን አስጨነቁት፤ የአባባ ፊያት እኮ ድሮውኑም ሞተሩ ከኋላ ነበር» አለኝ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሻጭ ዘንድ የ2016 ኮርቬት አለች፤ ባለ ሰባት ማርሽ። ያገለገለች ናት፤ ዋጋዋም እንዳሰበው አልወረደም። ሐኪሙ «ጉልበትህ ሞክሮ ማየት ነው» ብሎታል። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። እኔ ምክር አልሰጥም፤ ጃኬቱን እይዝለታለሁ። የግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይረግጠው እንደሆነ እዚያው እናያለን።